ከጥያቄው በኋላ ያለችው ዝምታ

አዋሳ፣ ጥቅምት 14 ቀን 1978 ዓ.ም.

ለተከበሩ ጋሽ ወልደጻድቅ፣
ትምህርት በሬዲዮ፣ አዲስ አበባ

እንደምን ሰንብተዋል? እርስዎ አያውቁኝም፤ እኔ ግን በየማክሰኞው ጠዋት ክፍሌ ስለሚገቡ እንደ ባልደረባ ነው የምቆጥርዎት። እታፈራሁ እባላለሁ። ከአዋሳ ወደ ቱላ መውጫ ላይ ባለ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሦስተኛ ክፍል አስተምራለሁ።

የምጽፈው ለአቤቱታ ነውና አይቀየሙኝ። ባለፈው ማክሰኞ ስለ ደመና ሲያስተምሩ ልጆቹ ወደ ውጭ እንዲወጡ አዘዙ። ሬዲዮውን መስኮት ላይ ፊቱን ወደ ሜዳው አዙሬ አስቀመጥኩና ወጣን። "ልጆች፣ ቀና በሉ። ጥቁር ደመና ይታያችኋል?" አሉ። ቀና አልን። ጋሽ ወልደጻድቅ፣ የአዋሳ ሰማይ በጥቅምት ታጥቦ የተሰጣ ነጠላ ነው የሚመስለው። ከታቦር ተራራ እስከ አላሙራ ተራራ፣ ከሐይቁም ማዶ፣ የጥፍር ያህል ደመና አልነበረም። ልጆቼ እርስ በርስ ተያዩና ሁሉም ባንድ አፍ "አዎ ጋሼ፣ ይታየናል" ብለው ጮኹ። ሬዲዮ አለ ካለ አለ ነው እንግዲህ።

አንዲት ልጅ ብቻ ዝቅ ባለ ድምፅ "የለም" አለች። እርስዎም ወዲያው "ልክ ነው፣ ጎበዝ" አሉ።

ይህችን ልጅ ላስተዋውቅዎት። ብርቅዬ ዱካሞ ትባላለች። ከቱላ ወዲያ ካለ መንደር በእግሯ ነው የምትመጣው፤ የአፍ መፍቻዋ ሲዳምኛ ነው። መስከረም ላይ ስሟንና አገሯን ተናገሪ ስላት ልጆቹ በአማርኛዋ ሳቁባት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ክፍል ውስጥ አንድ ቃል አልወጣትም። ርዕሰ መምህራችን አቶ ባዬ፣ እስከ ሰኔ ካልተናገረች ወደ አራተኛ ክፍል አላሳልፋትም፣ ወደ ቤቷ ትመለስ ብለዋል። ስለዚህ ያቺ "የለም" ለእኔ ምን ማለት እንደሆነች ይገባዎታል። ልጅቷም ሬዲዮውን ያየችበት አስተያየት እስካሁን ከዓይኔ አልጠፋም።

ሁለት ነገር ልጠይቅና ላብቃ። ለወደፊቱ ደመናውን ሲጠሩ እኛንም አገር ያስቡን። ሁለተኛ፣ ጥያቄ ጠይቀው ለትንሽ ጊዜ ዝም ይላሉ፤ በዚያች ዝምታ ምን ያደርጋሉ? ልጆቹ ሁልጊዜ ይጠይቁኛል። ድምፅዎ ደግሞ ጎርነን ብሎብኛል፤ ጉንፋን ይዞዎት ከሆነ እግዜር ይማርዎት።

አክባሪዎ፣
እታፈራሁ

*

አዲስ አበባ፣ ኅዳር 5 ቀን 1978 ዓ.ም.

ለመምህርት እታፈራሁ፣

ደብዳቤዎ የተጻፈው ለወልደጻድቅ ነው፤ ከፍቼ ያነበብኩት እኔ ነኝ። ሙሉጌጥ እባላለሁ፣ ባለቤቱ ነኝ። በሬዲዮ የሚያነበውን የምጽፍለትም እኔ ነኝና ያለ ደመና ደመና ያሳየሁት እኔ እንጂ እሱ አይደለም። ትምህርቱን የጻፍኩት በነሐሴ፣ እንጦጦ በጉም በተሸፈነበት ሰሞን ነበር። አገሩ ሁሉ በእኔ መስኮት የሚያይ መስሎኝ ነው። ይቅርታ ይደረግልኝ።

ከእጅ ጽሑፍሽ ወጣት ትመስይኛለሽ፤ እኔ ደግሞ ጸጉሬ ከሸበተ ቆይቷል። አንቺ ብልሽ አይከፋሽም መቼም።

የዝምታዋን ነገር ከአንቺ በፊት ማንም ጠይቆኝ አያውቅም። እኔ ወረቀቱ ላይ በቀይ እስክርብቶ "ዝምታ" ብዬ እጽፋለሁ፤ ቴክኒሻናችን ጠሀ ደግሞ ሰዓት ይይዛል። ሌሎቹ አንባቢዎች በዚያች ጊዜ ጉሮሯቸውን ይጠርጋሉ፣ ወረቀት ይገልጣሉ። ወልደጻድቅ ግን ጆሮውን ወደ ማይክሮፎኑ ያዘነብላል። ማይክሮፎን የሚሰማ እንጂ የሚያሰማ አይደለም እያልን እንስቅበት ነበር። እሱ ግን "ሰው ጠይቄ ፊቴን ላዙር እንዴ?" ይለን ነበር። ለልጆችሽ እንደዚያ በያቸው።

ልጅቷን ከሬዲዮው አጠገብ አስቀምጫት። ምናልባት የሚስቅባት ሰው ዓይን ሳይኖር መናገር ትፈልግ ይሆናል፤ ሬዲዮ ዓይን የለውም። የምትለውንም ሁሉ ጻፊልኝ፣ ትንሽ ነው ብለሽ አትተዪው።

ድምፁ የጎረነነው ሲቀዳ ጉንፋን ይዞት ስለነበር ነው። አሁን ጉንፋን የለበትም።

ሙሉጌጥ

*

አዋሳ፣ ጥር 9 ቀን 1978 ዓ.ም.

ውድ እትዬ ሙሉጌጥ፣

እንኳን ለጥምቀት በሰላም አደረሳችሁ፤ ለእርስዎም ለጋሽ ወልደጻድቅም።

እንዳሉኝ ብርቅዬን ወደ ፊት አመጣኋት፤ ሬዲዮው ያለው በእሷ ዴስክ ላይ ነው ማለት ይቻላል። እና ትናገራለች። ግን የምትናገረው በዚያች በዝምታዋ ጊዜ ብቻ፣ ለሬዲዮው ብቻ ነው። እኔ "ብርቅዬ፣ የዝናብ ውኃ ከየት ይመጣል?" ስላት መሬት መሬቱን ታያለች። ጋሽ ወልደጻድቅ ያንኑ ሲጠይቋት "ሐይቅ ፀሐይ ሲያሞቀው ይወጣል፣ ላይ ሄዶ ይበርደዋል" ትላቸዋለች። እሳቸውም "ልክ ነው፣ ጎበዝ" ይሏታል። ሬዲዮው ሲጠፋ አፏም አብሮ ይዘጋል። ቅናት ያዘኝ፣ ምን ልደብቅዎት። ከመስከረም ጀምሮ የለፋሁ እኔ፣ የሚመለስላቸው እሳቸው።

ልጆቹ መሳቅ ትተዋል። ጋሼ ጎበዝ ያላትን ልጅ ማን ደፍሮ ይስቅባታል? አጠገቧ የምትቀመጠው ትዕግሥት ሲዳምኛም አማርኛም ትችላለች፤ አንዳንድ ጊዜ ሲንሾካሾኩ አያለሁ፤ እኔ ስቀርብ ያቆማሉ።

በትምህርቱ እንደታዘዝነው ከዘይት ጣሳ የዝናብ መለኪያ ሠርተን ሜዳው ላይ አቁመናል፤ የነፋሱን አቅጣጫ ለማየት ደግሞ ዘንግ ላይ ጨርቅ አስረናል። በጋ ስለሆነ ጣሳው ውስጥ ከአቧራ በቀር የተገኘ የለም። ብርቅዬ ግን በየጠዋቱ ሄዳ ታየዋለች። ለምን እንደምትቸኩል ከአጎቷ ከሙሴ ሰማሁ። አባቷ በሚሊሺያ ወደ ሰሜን ዘምቷል፤ ሲሄድ ለክረምት እርሻ እደርሳለሁ ብሏት ነበር። ያ ክረምት አልፎ ሌላም አልፏል፤ ደብዳቤም የለ።

ልጆቹ ጋሽ ወልደጻድቅ ምን እንደሚመስሉ ማወቅ ይፈልጋሉ። ግማሾቹ ረጅም ናቸው ይላሉ፣ ግማሾቹ ጢም አላቸው ይላሉ። ፎቶግራፍ ቢልኩልን ግድግዳው ላይ እንለጥፈው ነበር።

እታፈራሁ

*

አዲስ አበባ፣ የካቲት 12 ቀን 1978 ዓ.ም.

እታፈራሁ ልጄ፣

የጥር ወሩም፣ ከዚያ ወዲህ የላክሽውም ደብዳቤ ደርሶኛል። ከጥያቄሽ ብዛት አንጻር መልሴ አጭር ነው፤ ሥራ በዝቶብኝ ነው ልበልሽ።

የፎቶግራፉን ነገር ይቅር በይኝ። ካሜራ ሲያይ ዓይኑን ይጨፍናል፤ ያሉን ሁሉ እንደዚያ ናቸው። ረጅም አይደለም፤ ጢም ግን አለው። ግማሾቹ ልክ ናቸው በያቸው።

ልጅ አላችሁ ወይ ላልሽው፣ የወለድነው ልጅ የለም። እሱ ግን ሰው ሲጠይቀው "ማክሰኞ ማክሰኞ አሉኝ" ነው መልሱ።

ወደ እናንተ ብቅ ማለቱን እኔም በወደድኩ፤ አይሆንለትም። ደግመሽ አትጠይቂኝ።

አራት የባትሪ ድንጋይ በመሥሪያ ቤታችን ሾፌር እጅ ልኬልሻለሁ። ያለቀውን ድንጋይ ፀሐይ ላይ እያሰጣሽ ሁለት ሳምንት ማሠራትሽን አድንቄያለሁ፤ አሁን ግን ተዪው። የደመናው ትምህርት በመጋቢት ይደገማል። ያን ጊዜ በልግ ስለሚሆን ሰማያችሁ አያሳፍረኝም ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ።

ሙሉጌጥ

*

አዋሳ፣ መጋቢት 20 ቀን 1978 ዓ.ም.

ውድ እትዬ ሙሉጌጥ፣

ድንጋዮቹ ደርሰውናል፤ እጅዎ ይባረክ። የጋሽ ወልደጻድቅ ድምፅ ጥርት ብሎ ሲሰማ ብርቅዬ "ጋሼ ዳነ" አለች። ያለችው ለእኔ አይደለም፣ ለሬዲዮው ነው።

ዛሬ የምጽፈው ግን ጭንቅ ይዞኝ ነው። ማክሰኞ የደመናው ትምህርት ተደገመ። ሰማዩ አላሳፈረዎትም፤ ወጥተን ስናይ ከአላሙራ ጀርባ ጥቁር ደመና ተቆልሎ ነበር። ክፍል ከተመለስን በኋላ "ልጆች፣ ጥቁር ደመና ምን ይዞ ይመጣል?" ብለው ጠየቁ። ክፍሉ በሙሉ "ዝናብ!" አለ። ብርቅዬ ብቻ ከመቀመጫዋ ተነሣች። ወደ ሬዲዮው ጎንበስ ብላ፣ ቀስ አድርጋ፣ "ክረምት ሲገባ አባቴ ይመጣል" አለች።

"ልክ ነው፣ ጎበዝ" አሉ ጋሽ ወልደጻድቅ።

ፊቷን ቢያዩት ኖሮ! ምን ብዬ ላርመው? በማግስቱ ሁሉም ልጅ የብርቅዬ አባት ሊመጣ ነው ይል ጀመር። ኀሙስ ደግሞ እናቷ ከሙሴ ጋር ትምህርት ቤት ድረስ መጣች። አማርኛ ብዙም አትችልም፤ ሙሴ ነው ያስተረጎመላት። በኮባ የተጠቀለለ ቅቤ ይዛለች፤ አዲስ አበባ ላለው ሰውዬ ይሰጥልኝ ነው የምትለው። "የመንግሥት ሬዲዮ ነው። ማን እንደሚመለስ መንግሥት ያውቃል። ሰውዬው ልጄን ሰምቶ ነው የመለሰላት" ትላለች። ለሚመጣው ሰው ቤቱን አዲስ ልታስከድን ሣር አስጭዳለች። ቅቤውን አልቀበልም ማለት አቃተኝ፤ ልቀበልም አቃተኝ። አሁን አቶ ባዬ ቢሮ ቁምሳጥን ላይ ተቀምጧል።

እውነቱን መናገር እንዳለብኝ አውቃለሁ፤ ሣሩ ቤቱ ላይ ሳይወጣ መናገር አለብኝ። ግን ብርቅዬ በዚህ ዓለም ላይ በአማርኛ የምታዋራው አንድ ሰው ነው። እሱ አይሰማሽም ብላት ያቺኑ አንዷን በር ዘጋሁባት ማለት ነው፤ ሰኔ ደግሞ እየመጣ ነው። ስለዚህ አንድ ነገር ልለምንዎት። ጋሽ ወልደጻድቅ ራሳቸው፣ በዚያ በምታምነው ድምፃቸው፣ አንድ ቀን በትምህርቱ መሃል "ልጆች፣ እኔ አልሰማችሁም፤ ለመምህራችሁ ንገሩ" ይበሉልኝ። ከእሳቸው አፍ ከሆነ ትቀበለዋለች። አንድ ዓረፍተ ነገር ነው፤ ከዚያ በላይ አላስቸግርም።

እታፈራሁ

*

አዲስ አበባ፣ ሚያዝያ 10 ቀን 1978 ዓ.ም.

እታፈራሁ ልጄ፣

መልሴ የዘገየው እየጀመርኩ ስለምቀደው ነው። ይህን ግን አልቀደውም።

ወልደጻድቅ የለም። ባለፈው ጳጉሜን፣ አዲሱ ዓመት ሊገባ ቀናት ሲቀሩት ዐረፈ። ጉንፋን ያልነው ጉንፋን አልነበረም። የአንቺ የመጀመሪያ ደብዳቤ ሲመጣ አርባው ገና መውጣቱ ነበር። ከሞተ ወዲህ በስሙ የመጣ የመጀመሪያው ደብዳቤ ነው። ጉንፋን ይዞዎት ይሆን፣ እግዜር ይማርዎት ይላል። ሞቷል ብዬ ልመልስ እስክርብቶ አነሣሁ፤ መልሼ አስቀመጥኩት። በአንቺ ክፍል ውስጥ በየማክሰኞው በሕይወት አለ፤ ልጅ ያዋራዋል፣ ጢም አለው የለውም ይባልለታል። ከዚያ ላወጣው አልፈለግኩም። ያስቀየምኩሽ ከሆነ ይህ ነው ምክንያቱ።

ስለዚህ የለመንሽውን ዓረፍተ ነገር ሊያነብልሽ አይችልም። ሌላ ሰው ያንብበው ካልሽኝ ደግሞ የባሰውን ልንገርሽ። አዲስ የቴፕ ክር ከውጭ መግባት ካቆመ ቆይቷል፤ አዲስ ትምህርት የምንቀዳው አሮጌውን እየደመሰስን በላዩ ላይ ነው። የእሱ ትምህርቶች በዚህ ዓመት አንድ በአንድ እየታደሱ አልቀዋል፤ በጥርና በየካቲት የሰማችኋቸው የመጨረሻዎቹ ነበሩ፤ ከዚያ ወዲህ የምትሰሙት ሌሎቹን አንባቢዎች ነው። የቀረው የደመናው ብቻ ነው። ኃላፊያችን ክፉ ሰው አይደሉም፤ "ወይዘሮ ሙሉጌጥ፣ የደመናውንስ መቼ እናድሰው?" ሲሉኝ "ገና ያገለግላል" እላቸዋለሁ። ቤቴ ውስጥ ኮቱ አለ፣ መነጽሩ አለ። ድምፁ ያለው እዚያ ክር ላይ ብቻ ነው።

ልጅቷን አንቺው ንገሪያት። ቀስ ብለሽ፣ በምታውቂው መንገድ። እኔን ግን ክሩን አታስነኪኝ፤ በእናትሽ።

ሙሉጌጥ

*

አዋሳ፣ ሚያዝያ 30 ቀን 1978 ዓ.ም.

ውድ እትዬ ሙሉጌጥ፣

እግዚአብሔር ያጽናዎ። ፋሲካን እንዴት እንዳሳለፉት ሳስብ ሰነበትኩ። በየደብዳቤዬ የጋሽ ወልደጻድቅን ነገር ሳነሣ፣ ያን እያነበቡ እንዴት ቻሉት? አልተቀየምኩም። እኔም ብሆን እንደዚያው ነበር የማደርገው።

ክሩን አይንኩት። እኔ የለመንኩት ሳላውቅ ነው፤ አሁን አንሥቼዋለሁ።

ለብርቅዬ ነገርኳት። ሬዲዮውን ከፍቼ ድንጋዮቹን፣ ሽቦዎቹን አሳየኋት፤ "አየሽ፣ ሰው የለበትም" አልኳት። ለትዕግሥት በሲዳምኛ አንሾካሾከችላት። ትዕግሥት እየፈራች "ሰው ሬዲዮ ውስጥ እንደማይገባ አውቃለሁ፣ ሕፃን አይደለሁም፣ እሱ ያለው አዲስ አበባ ነው አለች" ብላ ተረጎመችልኝ። መሳቅም ማልቀስም አማረኝ። ከዚያ ነገሩን በደንብ አስረዳኋት፤ ድምፁ ቀደም ብሎ ክር ላይ እንደተቀዳ፣ ጋሼ የሚሉትን የሚሉት እሷ ብትናገርም ባትናገርም እንደሆነ። መሞታቸውን አልነገርኳትም፤ ሁለቱን በአንድ ቀን ማሸከም ከበደኝ። እንደገባት ራሷን ነቀነቀች። በማክሰኞው ሬዲዮው ሲጠይቅ መስኮት መስኮቱን አየች። ዛሬም እንደዚያው ናት። ጣሳውን ማየትም ትታለች። ሁሉንም ጻፊልኝ ስላሉኝ ነው የምጽፈው፤ ልጫንዎት ብዬ አይደለም።

ለእናቷም በሙሴ በኩል ነገርኳት። ሣሩን ለጎረቤት ሰጥታዋለች። ቅቤውን ስመልስላት ግን አልቀበልም አለች። "ሰውዬው ባይሰማትም አናግሯታል፤ እዚህ ያናገራት ሰው አልነበረም" ብላ ሄደች። አባባሏ ለእኔም ደርሶኛል። ስለዚህ ቅቤው የእርስዎ ነው። በሾፌሩ እጅ ልኬዋለሁ።

እታፈራሁ

*

አዲስ አበባ፣ ግንቦት 21 ቀን 1978 ዓ.ም.

እታፈራሁ ልጄ፣

ቅቤው ደርሷል። ኮባውን ስፈታው ቤቱን መዓዛው ሞላው፤ ተቀምጬ አለቀስኩ። ለእሱ የተላከ ነው፤ የሚበላው እሱ አይደለም። ከዚያች ሴት ቅቤ ተቀብሎ ክር መደበቅ እንዴት ይሆናል? ለሳምንት ያህል ከራሴ ጋር ተጣላሁ። ሰኞ ዕለት ኃላፊያችን ዘንድ ገብቼ የደመናው ይታደስ አልኩ። አንባቢ ማን ይሁን ሲሉኝ እኔ አነበዋለሁ አልኩ። ሃያ ዓመት ስጽፍ አንድ ቀን ማይክሮፎን ፊት ተቀምጬ አላውቅም፤ ድምፄ ለሬዲዮ አይሆንም ብለው ድሮ መልሰውኝ ነበር። ኃላፊያችን አንገታቸውን ደፍተው "ይሁን" አሉ።

ከመደምሰሱ በፊት አንድ ጊዜ ሰማሁት። ጠሀ ማሽኑን አስነሥቶልኝ፣ ሻይ ልጠጣ ብሎ ወጣ። ሻይ አይወድም።

ሲመለስ ያለኝን ልንገርሽ። ጠሀ ሥራው ክር በምላጭ መቁረጥና መቀጠል ነው። "እትዬ፣ ሁሉን ማትረፍ አልችልም፤ ከአሮጌው ትንሽ ቆርጬ አዲሱ ውስጥ ልቀጥልልዎት እችላለሁ፤ የትኛውን ላድርግ?" አለኝ። መጀመሪያ የመጣልኝ "ጎበዝ" የሚለው ነበር፤ እንደ እሱ አድርጎ "ጎበዝ" የሚል ሰው የለም። ግን ልጅቷን ያሳሳታት እሱ ነው፤ ሳይሰማት ነበር የሚላት። ስለዚህ ዝምታዋን ቁረጥልኝ አልኩት። ጠሀ ያበድኩ መስሎት አየኝ። ከዚያ በማዳመጫው ሰምቶ ገባው። በዚያች ዝምታ ውስጥ ወንበሩ ሲጥ ይላል፤ ጆሮውን ወደ ማይክሮፎኑ ሲያዘነብል ነው። ከዚያ ትንፋሹ አለች። ሳይሰማ ሊሰማ የሞከረባት ቦታ እሷ ናት፤ እውነተኛው እሱ እዚያ ነው ያለው።

ትምህርቱ ሰኔ ሲገባ ይተላለፋል፤ ማክሰኞ በተለመደው ሰዓት። የምጠይቀው እኔ ነኝ። ዝም የሚለው እሱ ነው። ይህን የምናውቀው ጠሀ፣ እኔና አንቺ ነን፤ ለሌላ ሰው መንገር አያስፈልግም።

ልጅቷ ባትናገርም አትዘኚ። እኔ ያደረግኩት ውል አስሬ አይደለም።

ሙሉጌጥ

*

አዋሳ፣ ሰኔ 11 ቀን 1978 ዓ.ም.

ውድ እትዬ ሙሉጌጥ፣

ትናንት ማክሰኞ ነበር፤ የሆነውን ሳልረሳ ልጻፍልዎት።

ሌሊቱን ሲያዘንብ ስላደረ ሜዳው ጭቃ ሆኖ፣ ጣሳችን ለመጀመሪያ ጊዜ ውኃ ይዞ ነበር። ዝናቡ ጠዋት ቆመ፤ የቆርቆሮው ጠርዝ ብቻ ይንጠባጠባል። አቶ ባዬ ሬዲዮው ላይ አዲስ ሰው ሊመጣ ነው ስላልኳቸው በሩ ላይ ቆመዋል። ብርቅዬ እንደ ወትሮዋ መስኮት መስኮቱን እያየች ናት።

ድምፅዎን ሰማሁት። ለሬዲዮ አይሆንም ያሉት ሰዎች ምን ነክቷቸው እንደነበር አላውቅም። "ልጆች፣ እኔ ሙሉጌጥ እባላለሁ። ጋሽ ወልደጻድቅ ዐርፈዋል፤ ከእንግዲህ የምጠይቃችሁ እኔ ነኝ" ሲሉ ልጆቹ ሁሉ ወደ እኔ ዞሩ። እኔ አፌ ያልደፈረውን እርስዎ በሁለት ዓረፍተ ነገር ጨረሱት። "እሳቸው አይሰሟችሁም ነበር። እኔም አልሰማችሁም። እሳቸው ግን መስማት በጣም ይወዱ ነበር። ስለዚህ መልሳችሁን አጠገባችሁ ላለ፣ ለሚሰማችሁ ሰው ንገሩ። አሁን ሰማዩን እዩ። ምን ይታያችኋል?"

ከዚያ ዝምታዋ መጣች። ወንበሩ ሲጥ አለ፤ ትንፋሻቸውን ሰማኋት። የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩና ፊቴን ወደ ጥቁር ሰሌዳው አዞርኩ። ልጆቹ ለየጎረቤታቸው ይናገራሉ፤ ክፍሉ ገበያ መሰለ። ብርቅዬ ለማንም አልተናገረችም። ሬዲዮውን ብቻ ታያለች። ዝምታዋ አለቀች፤ እርስዎም ስለ ጉም ቀጠሉ። አለቀ፣ ከሸፈ ብዬ ጠመኔ ላነሣ እጄን ስዘረጋ ቀሚሴ ተሳበ።

"መምህርት" አለችኝ። ሬዲዮው እያወራ፣ ማንም ሳይጠይቃት።

"እመት" አልኳት፤ ለምን እንደዚያ እንዳልኩ አላውቅም።

"ዝናብ መጣ" አለች። ቀጥላም፣ ቃሉን በደንብ ፈልጋ፣ "አባቴ አልመጣም" አለች።

እትዬ ሙሉጌጥ፣ "ልክ ነው" ልላት አልቻልኩም፤ "ይመጣል" ልላትም አልቻልኩም። ጉልበቴን አጥፌ ቁመቷ ላይ ወረድኩና "ሰማሁሽ" አልኳት። አንገቴ ላይ ተጠመጠመች። እንደ ሕፃን አለቀሰች፤ ከተማሪዎቼ አንድም አልሳቀም። አቶ ባዬ መነጽራቸውን አውልቀው ሲጠርጉ አየኋቸው። ከሰዓት በኋላ ቢሮ አስጠርተውኝ አራተኛ ክፍል ስንት ዴስክ እንደሚጎድል ጠየቁኝ፤ ለብርቅዬ መቀመጫ ሊያስጨምሩ ነው።

ልጆቹ ሲወጡ እሷ ቀረች። ሬዲዮውን በጨርቁ እየሸፈነች፣ "ሴትዮዋም አትሰማም?" አለችኝ።

"አትሰማም። ግን እኔ እጽፍላታለሁ" አልኳት።

በሩ ላይ ሄዳ ቆመችና ቀና አለች፤ ከታቦር ጀምራ እስከ አላሙራ፣ ከዚያም ወደ ሐይቁ፣ ሳትቸኩል ዞራ ደመናውን አየች። ተመልሳ መጥታ፣ "እንግዲያው ጻፊላት" አለች፤ "ዛሬ አለ በያት።"

ይኸው ጻፍኩልዎት።

እታፈራሁ